ጅራፍ ያልጮኸበት ቡሄ

ሐምሌ 22፣ 2016 ዓ.ም

ይኼን ደብተር የገዛሁት የአራሚዎቼን ስም ልመዘግብበት ነበር። እርሻው ቀረ፣ ደብተሩ ተረፈ። ጦርነቱ ወደ ስንጋ ተጠጋ ሲባል ባለ እርሻው ቤተሰቡን ጭኖ ነካው፤ እኛም ሰሊጡን በአረም እንደተዋጠ ትተን ወጣን። ከተማ እንዳንገባ ከሻ አለ። ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው ከሻይ ቤትም ከመንገድም ለቅመው ሎሪ ላይ ይጭናሉ። ወደ መተማ እንዳንመለስ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከኬላው ወዲያም ተኩስ አለ። ስለዚህ ከኸሽም ኤል ቂርባ በላይ፣ ግድቡ ያቆመው ሐይቅ ዳር፣ የመንግሥት ጫካ ውስጥ ገብተን ላስቲክ ወጥረናል።

ሰባት ነን። እኔ፣ ክንፉና ሚስቱ ባንቺአየሁ፣ ወጥ ሠሪያችን እትዬ እናትነሽ፣ ስንሻውና ሁለት ወንድሞቹ፣ የአርማጭሆ ልጆች። ባንቺአየሁ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። «ሁለት ሳምንት ብቻ» ብያለሁ።

መግቢያው ላይ የዛገ ሰሌዳ ቆሟል፤ ሚዳቋና ድንኳን ተስሎበታል። የጫካው ዘበኛ ዓሚ ኦሼክ እንደነገረን፣ ድሮ ዓርብ ዓርብ የከሰላና የገዳሪፍ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ እዚህ ያድሩ ነበር። ዓሣ ይጠብሳሉ፣ በእግር መንገዱ ይንሸራሸራሉ። እንዳይጠፉ ተብሎ ዛፎቹ ወገብ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

«ቤት እያላቸው?» አለች እትዬ እናትነሽ።

«ቤት እያላቸው» አልኳት።

«በሞትኩት! ጥጋብ እኮ ነው።»

ዓሚ ኦሼክ ያስጠጋን በሦስት ነገር ነው። እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም። ቀን እሳት አይነድም። ድምፅ አይሰማም። ሦስተኛውን የማስከብረው እኔ ነኝ። ዘፈን የለም፣ ጥሪ የለም፣ እልልታ የለም።

ሐምሌ 25

ዝናብ። ላስቲኩ በሁለት ቦታ ተቀደደ። የሐይቁ ውኃ ትናንት ከረገጥነው ድንጋይ በላይ ወጥቷል። ባንቺአየሁ እግሯ አብጧል። ዓሚ ኦሼክ ሚስቱ ሳብሪን አዋላጅ ናት አለን፤ ቀኗ ሲደርስ በጀልባ ያመጣታል። እግዜር ይስጠው።

እትዬ እናትነሽ ሥራ ስትፈታ የባንቺአየሁን ሆድ ትዳስስና «ሰባት ጊዜ እልል የምልበትን ቀን ያምጣልኝ» ትላለች።

«ሴትስ ብትሆን?» ትላታለች ባንቺአየሁ።

«ሦስቴ ነዋ! ሦስት ምን አነሰሽ?»

እልልታ እንደሌለ ተናግሬያለሁ። እትዬ እናትነሽ እጇን ከሆዷ ላይ አነሳች።

ሐምሌ 27

ሚያዝያ ላይ ሾዋክ ስደተኛ ቢሮ ሄደን ስም አስመዝግበን፣ ፎቶ ተነስተን ነበር። ወረቀቱ ደርሷል የሚል ወሬ መጣ። የቀጠሯችንን ብጣሽ ሰብስቦ አንድ ሰው ቢሄድ የሁላችንንም ያመጣል። ወረቀት ካለ ከሻ የለም። ባንቺአየሁም ጫካ ውስጥ ሳይሆን ሆስፒታል ትወልዳለች።

መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የቡድኑ አለቃ ነኝ፣ ዓረብኛም እኔ እሻላለሁ። ግን ሰሞኑን ጉልበቴን አሞኛል። ክንፉ «እኔ እሄዳለሁ፣ አያ ደመቀ» አለ። እኔ አላልኩትም። ራሱ ነው ያለው።

ሊሄድ ሲል ጅራፍ ሰጠኝ። ከግራር ልጥ ገና ትናንት የገመደው ነው፤ ለቡሄ። ወደ ጎን ወሰደኝና እንዲህ አለኝ፦ «ስመለስ እዚህ ካጣኋችሁስ? ሰው ሲመጣባችሁ ትሸሻላችሁ። እንግዲህ ቡሄ ዕለት ይኼን አጩኸው። እዚህ አገር በነሐሴ ጅራፍ የሚያጮህ ከኛ በቀር ማን አለ? ከጮኸ አላችሁ፣ ካልጮኸ የላችሁም። ለባንቺ አትንገራት፣ ክፉው ሳይመጣ ትጨነቃለች።»

«ይሁን፤ ይጮኻል» አልኩት።

ሐምሌ 28

ቃል ገብቻለሁ። እንዳልረሳው ጻፍኩት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ሐይቁ በዓሣ ተሞልቶ እኛ ጾመኞች ነን። ዓሣዎቹ አውቀውብን መሰለኝ፣ እግራችን ሥር ድረስ እየመጡ ይዘላሉ። ማሽላ ንፍሮ፣ ጨው፣ ውኃ።

ከሾዋክ ወሬ የለም። አምስት ቀኑ ነው። ሐሙስ ይመጣል።

ስንሻው ለወንድሞቹ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፦ «አያ ደመቀ ገዳሪፍ እስር ግቢው ውስጥ ሃያ ቀን ታስሮ ተገርፏል አሉ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ኬላ ላይ ወረቀቱን ቀደው ነው። ምን ጉልበቱን ያመዋል፣ ልቡን ነው እንጂ።»

እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ሰው የማያውቀውን ሲያወራ መልስ መስጠት ልጅነት ነው።

ነሐሴ 4

ግድቡ ላይ መኪናዎች። ሦስት፣ ምናልባት አራት። ወታደር ይሁኑ ገበሬ አልለየሁም። «ተነሱ» አልኩ።

ዓሚ ኦሼክ በጀልባው ሴቶቹን ወደ ማዶ አሻገረልን። እኛ ዕቃውን ተሸክመን በኾሩ፣ ሐይቁ ውስጥ በሚገባው የጎርፍ ወንዝ በኩል፣ ውኃው ደረት እየደረሰ። ሙሉ ኩንታል ማሽላ በትከሻዬ አሻግሬያለሁ።

«ጉድ ነው!» አለች እትዬ እናትነሽ፣ ለኔ ሳይሆን ለድስቷ። «ጉልበቱ ሸክም ያውቃል፣ መንገድ ነው የማያውቅ።»

ነሐሴ 5

ስንሻው አሮጌው ሰፈር ላይ ለክንፉ ምልክት ትተን እንምጣ አለ። ከለከልኩ። ምልክት ለወዳጅ ብቻ አይናገርም። ዓሚ ኦሼክ አጎቱ ሞቶበት ለለቅሶ ወደ ከሰላ ሄዷል። አሁን ያለንበትን የሚያውቅ ሰው የለም። ይኼ ደግ ነው።

ኾሩ ማታውን ሞላ። ያለ ጀልባ ከእንግዲህ መሻገር የለም።

ነሐሴ 9

ባንቺአየሁ ቀኑን ሙሉ ውኃው ዳር ተቀምጣ አሮጌውን ሰፈር ታያለች። እዚህና እዚያ መካከል ሰው ቢጮህ አይሰማም፣ ሰው ቢቆም ጉቶ ይመስላል።

«አያ ደመቀ፣ ቢመጣ እንዴት ያገኘናል?»

«ያገኘናል።»

«እንዴት?»

«ወንድ ልጅ መንገድ አያጣም አልኩሽ!» ጮኼባት ነበር። የራሴን ሕግ ያፈረስኩት እኔው ነኝ። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ፤ ዝናብ መጣ።

ነሐሴ 12

ነገ ቡሄ ነው። የአርማጭሆ ልጆች ጅራፉ ላይ ዓይናቸው ወድቋል። አገራቸው ቢሆኑ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ እጃቸው እስኪላላጥ ያጮሁ ነበር። እኔ ድንኳን ውስጥ ምሰሶው ላይ ነው የሰቀልኩት።

ነገ ጠዋት ሦስት ጊዜ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሦስት ጊዜ ማጮህ ምን አላት?

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ከየት ልጀምር።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ጅራፉን በእጄ ይዤ ውኃው አፋፍ ላይ ቆምኩ። ነፋስ የለም፣ ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ለድምፅ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም። እጄን አነሳሁ። ልክ በዚያው ቅጽበት ከማዶ፣ ከግድቡ በኩል፣ የሎሪ ሞተር ሰማሁ። ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ፣ ቆመ።  

ጅራፍ ሲጮህ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። እዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ ጫካ ውስጥ «ጧ!» ካለ ጥይት ነው። ጥይት ሲሰሙ ይመጣሉ። ባንቺአየሁ መሮጥ አትችልም። ይኼን ሁሉ አስቤያለሁ። ማንም አለቃ የሆነ ሰው የሚያስበው ነው።

ከሰዓት በኋላ አጮኸዋለሁ ብዬ ገባሁ። ከሰዓትም ሞተሩ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆመ። እኔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ ቆምኩ። ሞተር አልነበረም። ይኼን ለራሴ ነው የምጽፈው፤ ሞተር አልነበረም። እጄ አልነሣ አለኝ።

እትዬ እናትነሽ ከማሽላ ዱቄት ሙልሙል ጋግራለች፣ በቆርቆሮ ክዳን። ልጆቹ ድንኳኗ ደጃፍ ላይ ተደርድረው ሆያ ሆዬን በሹክሹክታ ጨፈሩላት። ትልልቅ ወንዶች፣ ዱላቸውን መሬት ሳያስነኩ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ። እሷ ሙልሙሉን እያደለች አለቀሰች። «እንዲህ ያለ ቡሄ ለጠላቴም አይስጠው» አለች።

ስንሻው «አንዴ እንኳ እናጩኸው» ብሎ ለመነኝ። «መምኑዕ!» ብዬ ከለከልኩት፣ እንደ ወታደር። ለምን በዓረብኛ እንደተናገርኩ አላውቅም።

ክንፉ ገና ሾዋክ ነው። ቢሮው ሰው ያጉላላል። ዛሬ ሊደርስ አይችልም ነበር።

ነሐሴ 14

ሊደርስ አይችልም ነበር።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ልጆቹ ሁለት ዓሣ ያዙ። ድርሻዬን ለነሱ መለስኩ።

ነሐሴ 18

ዓሚ ኦሼክ ከለቅሶ ተመለሰ። ጨው፣ ሽንኩርትና ወሬ ይዞ መጣ።

የቡሄ ዕለቱ ሎሪ የዓሣ ነጋዴ ነው። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ውለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጡ። ወታደር አልነበረም።

ሁለተኛውን ወሬ እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ፣ ትምባሆውን ከንፈሩ ሥር እየወተፈ። «አሮጌው ሰፈራችሁ ሰው ሰንብቶበታል። ከትልቁ ዛፍ ሥር ተኝቷል፣ ብዙ መፋቂያ አኝኳል። አንድ እግር ጫማው በሽቦ የታሰረ ነው፣ ጭቃው ላይ ይታያል።»

የክንፉን የቀኝ ጫማ በሽቦ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 19

ዓሚ ኦሼክ በጀልባ አሻገረኝ። ትልቁ ዛፍ፣ ነጭ ቀለም የተቀባው። ቅርንጫፉ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ውስጡ የሁላችንም ወረቀት፣ ፎቷችን ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት። የሱና የባንቺአየሁ አንድ ላይ ነው፣ ባልና ሚስት ተብሎ። ከሱ ጋር የሲጋራ ካርቶን፣ የክንፉ እጅ ጽሕፈት፦

«በ12 ደረስኩ። ቡሄን ሙሉ አዳመጥኩ። ማግስቱንም። ምናልባት ቀን ተሳስተው ይሆናል ብዬ እስከ 15 ቆየሁ። ጅራፍ የለም። ወስደዋችኋል ማለት ነው። ባንቺ ግቢው ውስጥ መኖሯን አይቼ በሦስት ቀን እመለሳለሁ። ኬላ ላይ እንዳይቀዱት ወረቀቱን እዚህ ሰቅያለሁ። ያመለጠ ሰው ካለ ይኸው።»

በ15 ሄደ። ዛሬ 19 ነው። ያለ ወረቀት በገዛ እግሩ ወደ ግቢው ገብቷል። ሚስቱ ከዚህ በጀልባ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

ምን አደረግሁ? ወይኔ ደመቀ!

ነሐሴ 20

ነገርኳት። ማለት፣ የሚነገረውን ነገርኳት፦ ክንፉ መጥቶ አጣን፣ ሊፈልገን ሄደ፣ ሄጄ አመጣዋለሁ።

«ሳያጣራ ለምን ተወሰዱ ብሎ አሰበ?»

«እንጃ።»

 ከዚያ «ቡሄ ዕለት ጅራፉን ይዘህ ወጥተህ ስትቆም አይቼሃለሁ» አለች። «ሁለቴ። ለምን ነበር?»

«ለልጆቹ ላጮህላቸው ብዬ ተውኩት።»

ካርቶኑን አላሳየኋትም። ስንሻው ራሴን ይዤ ቢያየኝ «አይዞህ» አለኝ፤ እትዬ እናትነሽ ግን ከኋላው «ተወው፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለች። ምኑንም አታውቅም። እንዲሁ አፏ ላይ መጥቶላት ነው።

ነሐሴ 21

ልሄድ ነው። የሁሉንም ወረቀት ለየባለቤቱ ሰጠሁ፤ የኔንና የባልና ሚስቱን ይዣለሁ። ጅራፉን ከምሰሶው አውርጄ ከሸሚዜ ሥር ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት። እዚህ ከተውኩት ይጠይቃሉ። አትባራ ድልድይ ላይ እጥለዋለሁ።

ነሐሴ 22፣ ሾዋክ

ድልድዩ ላይ ሰው ያየኝ ነበር። አልጣልኩትም።

ነሐሴ 24፣ ገዳሪፍ

ግቢው ያው ነው። በሩ ያው ሰማያዊ በር ነው፣ ታች በኩል የተጣመመው ሳይቀር። ሁለት ጊዜ በፊቱ አለፍኩ፣ እንደ መንገደኛ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። አላመመኝም ግን። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀንም አሞኝ አያውቅም።

የመጣሁት ላወጣው ነው ብዬ በሩን መታሁ። ዘበኛው «ምንህ ነው?» አለኝ በዓረብኛ። «አኹየ» አልኩት፣ ወንድሜ። ወረቀቱን አሳየሁ። አልቀደደውም። እያገላበጠ አየና ነገ ና አለኝ።

ነሐሴ 25

ነገ ና።

ነሐሴ 26

ወጣ!

ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያዩና «ያላ» አሉት፣ ሂድ፣ በቃ። አንገቱ ቀጥኗል፣ አንድ ጫማ ብቻ ነው የቀረው። አቅፎኝ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ባንቺስ?»

«ደህና ናት። ጫካው ውስጥ ናት። ወደ ሐይቁ ማዶ ተሻገርን እንጂ ማንም አልወሰደንም።»

መንገድ ዳር ተቀመጠ። ፉል ገዝቼለት ሳህኑን ጨርሶ ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ «አያ ደመቀ፣ ጅራፉ ተበጥሶ ነው አይደል?» አለኝ።

ያኔ ጅራፉ ወገቤ ላይ ነው። ልጡ ላብ ጠጥቶ ቆዳዬን እየበላኝ ነው።

«ተበጥሶ ነው» አልኩት።

«አላልኩም? ልጡ ገና እርጥብ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ሳቀ። ጥፋቱ የኔ ነው አለ። እግዜር ያሳያችሁ!

ነሐሴ 27

ሎሪ ላይ። ሌላ ጅራፍ እገምድልሃለሁ ይለኛል። አቧራ ሳይኖር አቧራ ገባኝ ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ነሐሴ 29

አሁን ሰፈር ነኝ፤ ሁሉም ተኝተዋል። የዛሬውን ሳልዘል ልጽፈው ነው።

ረፋድ ላይ አሮጌው ሰፈር ደረስን። ኾሩ እስከ ጫፉ ሞልቷል። የዓሚ ኦሼክ ጀልባ ከማዶ፣ ሰፈራችን በር ላይ ታስራ ትታያለች፤ ሰው ግን የለም። ክንፉ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። ድምፁ ውኃው መካከል ቀረ። እኔም ተጣራሁ። ሸሚዝ አውለበለብን። ጉቶ መስለን ቀረን።

«እንግዲህ ሰው ውኃ ሊቀዳ እስኪወጣ መጠበቅ ነው» አለ ክንፉ። ከዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ የራሱ መፋቂያ ስባሪ መካከል። «እዚህ ነበር የተቀመጥኩት። ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ወፍ ቅርንጫፍ በሰበረች ቁጥር እነሳ ነበር፣ ጅራፍ መስሎኝ።»

ጀልባዋ ለምን እዚያ ታሰረች? ዓሚ ኦሼክ በዚህ ሰዓት እኛ ዘንድ ምን ይሠራል? ሳብሪንን አምጥቶ ካልሆነ። እኔ ያሰብኩትን እሱም አሰበ፤ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ተነስቶ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። ዋና አይችልም። ጎትቼ አወጣሁት፤ እንደገና ገባ።

«ቆይ!» አልኩት። «ቆይ፣ ክንፉ!»

ሸሚዜን አነሳሁና ጅራፉን ከወገቤ ፈታሁት። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። የትም ቦታ አልተበጠሰም።

አየው። ተቀብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰው። ጊዜ ወሰደ። «አልተበጠሰም» አለ።

«አልተበጠሰም። ፈርቼ ነው። ሎሪ ሰማሁ፤ ከዚያ ሎሪውም ሄደ፣ እኔ ግን ፈራሁ። ሾዋክም ያልሄድኩት ፈርቼ ነው። ባንቺም አታውቅም።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጅራፉን መልሶ እጄ ላይ ጣለውና «አጩኸው» አለኝ። 

ራሴ ላይ አዙሬ ለቀቅሁት። ጧ! ሐይቁ ተቀበለው፣ ጫካው መለሰው። ጅግራዎች ግር ብለው ተነሱ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ክንዴ ዛለ፣ አላቆምኩም።

ከማዶ መጀመሪያ ስንሻው ብቅ አለ፣ ከዚያ ወንድሞቹ፣ እየዘለሉ። ከዚያ የእትዬ እናትነሽ ድምፅ ውኃውን ሰንጥቆ መጣ፤ ስንት ቀን ተከልክላ የከረመች ጉሮሮ።

እልል! አለች። ክንፉ ጣቱን አወጣ። እልል! ሁለተኛ ጣቱን። እልል!

ጠበቅን። አራተኛ የለም።

«ሦስት ነው» አለ። «ሴት ናት።» ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ሦስቱን ጣቶቹን እንደያዘ አለቀሰ።

ጀልባዋ መጥታ ስታሻግረን ፊቱን ወደኔ አላዞረም። ሕፃኗን አቅፎ ሲገባም ሲወጣም በአጠገቤ አለፈ። ትናንት ሌሊት ነው የተወለደችው፤ እናቷም ደህና ናት። ነገ ጠዋት ለባንቺአየሁ እነግራታለሁ። ካርቶኑን አሳያታለሁ።

ጅራፉ ከድንኳናቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ክንፉ ነው የወሰደው።